የሲምባሉ ማህተም
እናትየው ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መሀል ይዛ ሲምባሉን፣ ያንን ልጇ ትቶት የሄደውን የድራም ነሐስ ሳህን፣ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ልጇ የደወለው የሲምባሉን ዕድሜ ማወቅ ፈልጎ ነበር።

«እማዬ፣ በቀለም የተጻፈ ነገር ይታይሻል?»

በየሳምንቱ በሎሚ እየፈተገች ቀለሙን አጥፍታዋለች። ተቆጥቶ እንዳይዘጋባት ፈራች።

«እንዲያብረቀርቅልህ ብዬ ነው እኮ…»

«ወይ እማዬ! እንደ ድስት ፈተግሽው?» ብሎ ሲስቅ ነፍሷ መለስ አለች። «ግድ የለም፣ ነሐሱ ላይ ተመትቶ የታተመው አይለቅም። እስቲ የሚያነብልሽ ጎረቤት ጥሪ።»

ማንንም አልጠራችም። ሲምባሉን ወደ መስኮቱ አዘንብላ ጣቷን በፊደሎቹ ላይ አስኬደች።

«በ… እጅ… የተሠራ፣ ይላል። ከሥሩ ሦስት ነጥብ አለው።»

«ነጥብ አለው? እንግዲያው ስልሳ ዓመት አልፎታል! የኋለኞቹ ነጥብ የላቸውም።» ከዚያ ድምፁ ዝግ አለ። «ቆይ፣ አንቺ ማንበብ መቼ ተማርሽ?»

የማታ ትምህርት ከገባች ሁለት ዓመት አልፏት ነበር። ልጇ ለመጨረሻ ጊዜ የደወለላት ከዚያ በፊት ነው።

«ሰሞኑን ነው፣ የኔ ጌታ» አለችው።