በጫማ ላይ ካልሲ

እስቲ ጠጋ ብላችሁ ተቀመጡ ልጆቼ፣ አንድ የበረዶ ጠዋት ላውጋችሁ። ሲያትል ነው፣ በፈረንጅ ዘጠናዎቹ። እትዬ ዘርፌ እናቶች ሥራ ሲሄዱ ልጆቻቸውን ቤታቸው ተቀብለው ይጠብቁ ነበር። ያን ዕለት መጋረጃውን ሲገልጡ መንገዱም፣ አጥሩም፣ የቆመው መኪናም በነጭ ተውጦ፣ ዓለሙ ሁሉ እንቅልፍ የወሰደው ሕፃን መስሏል። በዚያ ጸጥታ መሃል ስልኩ ጮኸ።

"እትዬ፣ ዛሬ ክፍት ነው?" አለች ከዳገቱ ራስ የምትኖረው የሃሴት እናት። "አሁንም ከቀረሁ ከሥራ ያስወጡኛል። እና መኪናዬን ቀስ አድርጌ ብነዳ..."

እትዬ ዘርፌ በመስኮቱ ወደ ዳገቱ አሻግረው አዩ። ክፍት ነው ቢሉ ዳገቱ መስታወት ሆኗል፤ ዝግ ነው ቢሉ የእናትየው እንጀራ ሊቋረጥ ነው። ዓይናቸው በሩ ሥር ከተደረደሩት ትንንሽ ነጠላ ጫማዎች ላይ አረፈ። ቀይዋ የሃሴት ናት።

"ዝግ ነው" አሉ በመጨረሻ። እናትየው በረጅሙ ተነፈሰች። ሕፃኗ ስልኩን ነጠቀቻትና፣ "እትዬ፣ ክሎዝድ ነሽ?" አለች።

"ቤቱን ነው የዘጋሁት የኔ እናት። እኔ ወደ አንቺ እየመጣሁ ነው። እናትሽ መኪናዋን እንዳታስነሳ፣ ጎማው ሰንሰለት የታሰረለትን አውቶቡስ ትያዝ በያት።"

ይህን ብለው፣ እንዳያንሸራትታቸው የባላቸውን የሱፍ ካልሲ በጫማቸው ላይ አጠለቁ። ቀይዋን ነጠላ ጫማ ደረታቸው ውስጥ ሸጉጠው፣ በነጩ ውስጥ እንደሚንሳፈፍ ሰው ዳገቱን ተያያዙት። እናንተም አንድ ቀን በር መዝጋት ግድ ሲሆንባችሁ፣ ያንን ካልሲ አስታውሱልኝ።