የድቡ ክታብ

ኖሊን ፓስኮ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ስትደርስ ሮሃን ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ኮሪደሩ ውስጥ ይንጎራደድ ነበር። ሲያያት ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ዛሬ ያልቃል አልኩህ» አለ ለደወለለት ሰው። «አይ፣ ለሷ ምንም አልነገርኳትም።»

ያልሰማች መስላ አለፈች።

ትሩዲ ቀድማ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጣ በሊጥ የተጠቀለለ ቋሊማ ትበላለች። የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ናት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እያንዳንዱ አንድ ገጸ ባሕርይ ሆኖ በሚጫወተው የጠረጴዛ ጨዋታ ውስጥ ግን መጥረቢያ የታጠቀች ተዋጊ። ሮሃን አጫዋቹ ነው፤ ታሪኩን ይተርካል፣ አውሬዎቹን ያዋጋል። ኖሊን ደግሞ ድብ ናት።

ድቡ የሷ አልነበረም፤ የልጇ የካለም ነበር። ከአሥራ አራት ወር በፊት ተጣልተው፣ በንዴት «ከወጣህ አትመለስ» አለችው። ወጣ፤ አልተመለሰም። ስልክ ቁጥሩንም ለወጠ። ሮሃን አብሮ አደጉ ስለሆነ አንድ ቀን ጠየቀችው። «አላውቅም ሚስስ ፓስኮ» ብሎ ወለሉን አየ። ሁለተኛ አልጠየቀችውም። ይልቁንስ መጥታ የልጇ ባዶ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ይኸው ስምንት ወሯ።

የድቡ ጉልበትና ችሎታ የተመዘገበበት ወረቀት እስከ ዛሬ በካለም እጅ እንደተጻፈ ነው፤ ያ የተንጋደደ ጽሑፍ። በዚህ ጠረጴዛ ግን ደንብ አለ፦ ገጸ ባሕርዩ የሞተበት ሰው ወረቀቱን በገዛ እጁ መቅደድ አለበት።

«ሰምተሻል ኖል?» አለች ትሩዲ አፏ ሙሉ እንደሆነ። «በስልክ ለሆነ ሰው ‹ወንበር አለህ› ሲለው ሰማሁ። ከዚህ በላይ ሰው አልፈልግም ያለው ራሱ አይደል? እንግዲህ አንዳችን ልንባረር ነው። እኔን ደግሞ አይደፍረኝም።»

ኖሊን ወረቀቱን በመዳፏ ሸፈነችው።

ሮሃን ገብቶ ካፖርቱን ሳያወልቅ ተቀመጠ። «ዛሬ ዋሻው ውስጥ ነጩ ተኩላ አለ። ከዚያ በፊት ግን ለድቡ ክታብ እናሰራለታለን» አለ። «ትሩዲ መጥረቢያዋን ካስደገመች በቃት። ድብ መሣሪያ የለውም፤ ሁለት መዳፍና አንድ አፍ ነው ያለው። ለያንዳንዱ ለብቻው ማስደገም አይቻለንም። ስለዚህ አንገቱ ላይ አንድ ክታብ ይታሰርለታል፣ ሦስቱንም ይይዛል። ችግሩ፣ ክታቡ የሚቀበለው አንድ ድግምት ብቻ ነው። እሳት፣ ውርጭ፣ መብረቅ፣ ምሕረት። ይምረጡ።»

ድግምት የሚለው ቃል በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ሲነሳ ኖሊን መጀመሪያ ትሳቀቅ ነበር። በኋላ ነገሩን ለእግዚአብሔር ነግራ፣ ጨዋታ መሆኑን አስረድታ፣ ተወችው።

«እሳት ይውሰዱ» አለ ሮሃን ቶሎ ብሎ።

ቀና ብላ አየችው። አጫዋች ተጫዋችን አይመክርም። እሱም በስምንት ወር አንዴ መክሯት አያውቅም።

«ለምን እሳት?»

«በረዶ ውስጥ የሚኖር ተኩላ ነው። እሳት ያጠፋዋል። ብዙም አያደክምዎትም።» ብዕሩን ይከፍታል፣ ይዘጋል።

«ወጥመድ ነው» አለች ትሩዲ፣ ያንሾካሾከች መስሏት። «አምና እሳት ሲነካው የሚያብጥ እባብ አምጥቶብናል።»

«ምሕረት የሚሉት ምን ያደርጋል?» አለች ኖሊን።

«እሱ እንኳ ለዛሬ አይሆንም። ጥፍሩ ጠንክሮ ይመታል ግን አይገድልም። የተመታው ይተኛል እንጂ አይሞትም።»

«እንግዲያው እሱን ጻፍልኝ።»

«ኖል፣ ተኩላ'ኮ ነው» አለች ትሩዲ። «የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ አደረግሽው?»

ምሕረትን ኖሊን በየማለዳው ተንበርክካ ለራሷ ትለምናለች። ለሌላ ሰጥታው እንደምታውቅ ግን ትዝ አይላትም።

ሮሃን ስልኩን ይዞ ወጣ። ሲመለስ ፊቱ ተለዋውጦ ነበር። «ይሁን» አለ ብቻ።

ውጊያው ተጀመረ። የተኩላው ተራ በደረሰ ቁጥር ሮሃን «አንዴ፣ ስልክ» እያለ ወደ ኮሪደሩ ይወጣል።

«ተኩላው ሚስት አለችው እንዴ፣ በየተራው የሚያስፈቅዳት?» አለች ትሩዲ።

ሮሃን ገባና ተኩላው ትሩዲን ነከሳት። በሚቀጥለውም ትሩዲን። በሦስተኛውም።

«ከሁለታችን የምጣፍጠው እኔ ነኝ ማለት ነው» አለች ትሩዲ ወረቀቷ ላይ የቀረላትን የሕይወት ቁጥር እየሰረዘች። አራተኛው ንክሻ ዘረራት።

ድቡን አንድ ጭረት አልነካውም። ለመጨረሻ እያቆየኝ ነው፣ አለች ኖሊን በልቧ፤ ድመት አይጥን እንደምታቆይ። የሐምሌ ነፋስ የጣሪያውን ቆርቆሮ ያንኳኳል። ወረቀቱን ወደ ራሷ ስባ፣ ቁጥር የተጻፈበትን ባለ ሃያ ገጹን ዳይስ ወረወረችው።

አሥራ ስምንት። ግራ መዳፍ። ቀኝ መዳፍ። ጥርስ።

ሮሃን ቁጥሮቹን ደመረ፤ እንደገና ደመረ። «ወደቀ» አለ።

«ሞተ?» አለች ትሩዲ።

«በምሕረት ተመትቶ? ተኝቷል።»

«ጨርሺው ኖል። አራቴ ነክሶኛል።»

«የተኛ አይገደልም።»

«ሲነቃስ ምን ይሉታል?» አለ ሮሃን። ድምፁ የአጫዋች ድምፅ አልነበረም።

ወንበሯን ለማን ሊሰጥባት ይሆን የሚለው ሐሳብ ከኖሊን አእምሮ አልወጣም። ቢሆንም የተጠየቀችውን መለሰች።

«ሲነቃ ብቻውን ዋሻ ውስጥ አይደር። ከኛ ጋር ይምጣ በለው።»

ሮሃን በዚህኛው ተራ ወደ ኮሪደሩ አልወጣም። ስልኩን ጠረጴዛው መሐል አስቀምጦ ስፒከሩን ከፈተው።

«ተኩላውን ሲያዋጋ የነበረው እዚህ መስመር ላይ ነው፤ ራስዎ ይንገሩት» አለ።

«እማ» አለ ተኩላው።