ተፈናጣጩ አንድ ዙር ይጠብቃል

«ወደቅሁ» ትላለች እናቴ።

የጨዋታው ዳይስ ብርድ ልብሷ ላይ ሁለት ነጥብ አሳይቶ ቆሟል። በሁለት እንኳን ከሚጋልብ ፈረስ፣ ከቆመም ይወደቃል።

አባቴ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ የጨዋታውን የሕግ መጽሐፍ ይገልጣል። በጨዋታው ዳኛ እሱ ነው። በሥራው ሠላሳ ዓመት የፍርድ ቤት ሬጅስትራር ስለነበረ ሁለቱን ለይቶ አያውቃቸውም። እኔና እናቴ እያንዳንዳችን አንድ ጦረኛ ሆነን የምናደርገውን በአፋችን እንናገራለን፤ መሳካቱን ዳይሱ ይወስናል፣ ዳይሱ ያልወሰነውን አባቴ። ቅዳሜ ከሰዓት ሁልጊዜ እንዲህ ነን። የዛሬው የሚለየው ጠረጴዛችን አልጋዋ መሆኑ ነው።

ጠዋት ሐኪሟ መጥታ መድኃኒቱ ከእንግዲህ እንደማይጠቅማት ነገረችን። እናቴ አመስግና ሸኘቻትና «ጨዋታው ግን አይቀርም አይደል?» አለች። እኔ አላለቀስኩም። ሳህን አጠብኩ። ያጠብኩትን ደግሜ አጠብኩ።

ካርታው እናቴ ልብስ ትሰፋ በነበረ ጊዜ ከኮት ገበር ቆርጣ በጠመኔ ካሬ ካሬ ያሰመረችው ጨርቅ ነው። ፈረሳችን ከቼዝ የተዋስነው ፈረስ ነው። እሷ ትልቅ ጥቁር የካፖርት ቁልፍ፣ እኔ ትንሽ ቀይ የሸሚዝ ቁልፍ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ልጓሙን እሷ ይዛ፣ እኔን ከኋላዋ አፈናጥጣ እየሸሸን ነው። ስምንት የሱሪ ቁልፎች ያሳድዱናል። ድልድዩን ከተሻገርን አመለጥን፤ ስድስት ካሬ ይቀረናል።

«ገጽ አርባ ሁለት» ይላል አባቴ። «ፈረስ ልጓሙን በያዘው ሰው ተራ ይንቀሳቀሳል።»

«እኔ ወድቄያለሁ። ልጓሙን እሷ ትያዘው።»

«ቆይ እንጂ። ገጽ አርባ አራት ደግሞ ጋላቢ ያጣ ፈረስ በራሱ ፈቃድ ይሄዳል ይላል። የተፈናጠጠ ሰው ጋላቢ ነው ወይስ አይደለም? አይልም።»

መጽሐፉ ይህን ያህል ወፍሮ ይህችን አይልም። ከሁለት ዓመት በፊት በዚሁ ነገር ከአባቴ ጋር ተጣልተናል። ልጓሙን ወዲያው ልያዝ ብዬ ጮህኩበት፣ በጄ አላለኝም፣ ጦረኛዬ ተራውን ሲጠብቅ ሞተ። ሳምንት አኮረፍኩት። ፍርዱ እስከ ዛሬ በመጽሐፉ ኅዳግ ላይ በእርሳስ ተጽፎ ይታያል፣ ከነቀኑ፣ ከነፊርማው፦ ተፈናጣጩ አንድ ዙር ይጠብቃል።

«ተጽፏል እኮ፣ አባዬ» እላለሁ። «ኅዳጉን አንብበው።»

አባቴ ቀና ብሎ ያየኛል።

«ያንን ፍርድ ስትረግሚው አልነበረም እንዴ?» ትላለች እናቴ።

«ፍርድ ፍርድ ነው፣ እማዬ። አንድ ዙር እጠብቃለሁ። አጠገብሽ እቆማለሁ።»

«ይደርሱብሻል።»

«ይድረሱ።»

የአውቶቡስ ሰዓት እንደሚናገር ሰው ነው የምናገረው። ከአንገቴ በታች ያለው አካል የእኔ አይመስለኝም። የምፈልገውን ግን አውቃለሁ። አንድ ዙር ነው የምፈልገው፤ ሁለት አልጠየቅሁም።

እናቴ ትንፋሿ እስኪመለስ ትጠብቃለች። «አንተ» ትለዋለች አባቴን። «ያኔ ስትፈርድ አስበህበት ነው ወይስ እሷ አናዳህ?»

አባቴ መነጽሩን ያወርዳል። «አናዳኝ ነው።»

«እንግዲያው ሰርዘው።»

አባቴ የተጻፈ ነገር ሰርዞ አያውቅም። የገበያ ዝርዝር እንኳ ከተሳሳተ አዲስ ወረቀት ላይ ይገለብጠዋል። እኔን ያያል። ራሴን እነቀንቃለሁ፤ አትሰርዝ።

«እኔ ከኋላ ያስቀመጥኩሽ ለምን ይመስልሻል?» ትላለች እናቴ። «ስወድቅ እንድትይዥው ነዋ። እንዳታዝኝልኝ መሰለሽ? እዘኝ። ግን እየጋለብሽ። በይ ያዥ፣ ልጄ፣ ተራሽ ነው።»

አባቴ እርሳሱን ከጆሮው ላይ ያነሳል። በጽሑፉ ላይ አንዲት መስመር ያሰምራል፣ የዛሬን ቀን ይጽፋል፣ ይፈርማል። ፊርማው የእሱ አይመስልም።

ዳይሱን እወረውራለሁ። ስድስት። ሌላ ቀን ቢሆን እናቴ ታጨበጭብ ነበር፤ ዛሬ በሁለት ጣቷ ብርድ ልብሱን መታ መታ ታደርጋለች። ፈረሱንና ቀዩን ቁልፍ ይዤ እቆጥራለሁ። መንገዱ በጉልበቷ ላይ ይወጣል፣ በወዲያ በኩል ይወርዳል። ስድስተኛው ካሬ ድልድዩ ነው።

ጥቁሩ ቁልፍ በወደቀበት ቀርቷል። አሁን ተራው የሱሪ ቁልፎቹ ነው፤ እነሱን የሚያንቀሳቅሳቸው ደግሞ አባቴ ነው። አንዱንም ሳይነካ መጽሐፉን ዘግቶ ሁለት እጆቹን ላዩ ላይ አድርጎ ተቀምጧል።