የዋንዛው ራስ

«ይህ ውሸት ከሆነ የግምጃ ቤቷ ማርያም ትፍረድብኝ!» ሲሉ ማሉ አቶ ዓለምነው። በ1955 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ እንጅባራ ድረስ የመጣው የቤተ መዘክር ሰው፣ ከዋንዛ የተቀረጸውን የጎረምሳ ራስ በአጉሊ መነጽር እየመረመረ ነበር። የአንድ ስመ ጥር ቀራፂ የጠፋ ሥራ ነው ካለ፣ ቅርጹ ነቀዝ በማይደርስበት መስታወት ውስጥ ይቀመጣል። አይደለም ካለ እዚሁ ይቀራል፤ ነቀዙ ደግሞ አንዱን ጆሮ ጨርሶ ጉንጩን ጀምሯል።

«ቀራፂው እዚህ መደብ ላይ አርባ ቀን ተቀምጦ ነው የሠራው። በየቀኑ አንድ ሙክት አርጄለታለሁ!»

«አርባ ሙክት? ታዲያ በዚህ በር እንዴት ወጣ?» ሲል ሳቀ እንግዳው።

«ግድግዳ አፍርሰን ነዋ!»

እንግዳው ቅርጹን ገልብጦ አንገቱ ሥር ያለውን ቀዳዳ በጣቱ ለካ። «ይህ የእሱ ምልክት ነው፤ ሥራዎቹን በብረት ዘንግ ላይ ይተክላቸው ነበር» ብሎ ብዕሩን አወጣ። አቶ ዓለምነው እጃቸውን ወደ ቅርጹ ዘረጉ። የሕፃን ፊት እንደሚጠርግ ሰው፣ የነቀዙን ዱቄት ከጉንጩ ላይ በአውራ ጣታቸው ጠረጉ።

ጥግ ላይ ጥጥ ይፈትሉ የነበሩት ሚስታቸው እታለማሁ እንዝርቱን አስቀመጡ።

«ቀዳዳው የተበሳው ለለቅሶ ነው፣ ጌታዬ» አሉ በቀስታ። «ልጃችንን ዐባይ በልቶ አስከሬኑን ከለከለን። ያለ ምስል ለቅሶ አይወጣምና፣ ይህን እንጨት ላይ ሰክተን፣ ኩታውን አልብሰን አለቀስንለት። የቀረጸው አባቱ ነው። ያልሠራውን ሁሉ ሠራሁ ሲል የኖረ ሰው፣ በእውነት የሠራው ይህን ብቻ ነው።»