በተቆለፈው በር ሥር

«ግቡ ብላችሁ ደስ ባለኝ፤ ግን አሠሪዎቼ ከውጭ ቆልፈውብኝ ነው የሄዱት» አለች የቤት ሠራተኛዋ ከበሩ ጀርባ። ወጣቱ የሞርሞን ሚስዮናዊ ባሕር ተሻግሮ ከመጣ ወዲህ ሳታባርረው ያናገረችው እሷ ብቻ ነበረች። ተሽቀዳድሞ በቃሉ የያዘውን ስብከት ጀመረ። በደንባቸው መሠረት ሽንት ቤት ካልሆነ በስተቀር የማይለየው ጓዱ አጠገቡ ቆሞ ያዳምጥ ነበር።

«ቤተሰብ ለዘላለም አብሮ…» ሲል ድምፁ ተቆረጠ። ክራባቱን ላላ አደረገ።

«ምነው፣ እናትህ ናፈቀችህ እንዴ?»

ጓዱን በጎን አየት አደረገና፣ «ኧረ ደህና ነኝ» አለ።

«እኔስ ማታ ይከፍቱልኛል። አንተስ መቼ ነው አገርህ የምትገባው?»

«ገና ዓመት ከመንፈቅ ይቀረኛል።»

ከዚያ ጣቶቿ በበሩ ሥር ብቅ ብለው አቧራ የጠጣ ጫማውን ጫፍ ዳበሱ።

«አይዞህ፣ ልጄ።»