የእርሳስ ፊርማ

አባተ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የማዕበል መጋለቢያ ሰሌዳ፣ ሰርፍ ቦርድ፣ ሲቀርጽ ስሙ አንዱም ላይ አልሰፈረም። ሪችመንድ፣ ወደቡ አጠገብ ባለው ወርክሾፕ የቦርዱን ገላ፣ ፎሙን፣ በመላጊያ የሚልገው፣ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት የሚያለሰልሰው፣ ዐይኑን ጨፍኖ በመዳፉ ጉብታ የሚፈልገው እሱ ነው። የሚፈርመው ግን ባለወርክሾፑ ገዛኸኝ ነው። ፊርማው በእርሳስ ፎሙ ላይ ይጻፍና ፋይበር የሚባል ጨርቅና ሬዚን የሚባል ጥርት ያለ ሙጫ ይለብስበታል። ሬዚኑ ከደረቀ በኋላ ያንን እርሳስ ማንም አይፍቀውም።

ነገሩን ያመጣችው ዮዳሄ ናት። ኦክላንድ ተወልዳ ያደገች፣ ትልልቅ ማዕበል የምትጋልብ ልጅ ናት፤ ሳን ሆዜ የቦርድ ሱቅ ልትከፍት ነው። አንድ ቀን ቦርድ ልታዝ መጥታ፣ በተከፈተው በር አባተ ሲሠራ አየችና ቆማ ቀረች።

«ሼፕ የሚያደርገው እሱ ከሆነ ስሙ ለምን የለበትም?» ብላ ገዛኸኝን ጠየቀችው። «እኔ የእሱን ሲግኔቸር ነው የምፈልገው። ቦርዱን ከወደድኩት የሱቄን ቦርዶች በሙሉ የፈረመው ሰው ይሠራልኛል። ኦኬ?»

ገዛኸኝ ሳቀ። «ምን ችግር አለው? አባተ ይፈርማል» አላት።

ያን ሳምንት አባተ ምሳውን እንኳ ቆሞ ነበር የሚበላው። ዮዳሄ በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ቦርዷን ይዛ ወደ ሃዋይ ትበራለች። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የቀረው የቦርዷን ጠርዝ ማለስለስ ብቻ ነበር። ሊቀጥል ሲል ገዛኸኝ እጁን ያዘው።

«ደክሞሃል፣ ታበላሻታለህ። ሰኞ በጠዋት ጨርሰህ ትፈርማለህ» አለው። ቀጥሎም «አባትህ እንዴት ናቸው? አሁንም በጎረቤት ስልክ ነው የሚደውሉት?» ሲል ጠየቀ።

«አዎ፣ ሲመቻቸው ይደውላሉ።»

«ሌላ ዘመድ አገር ቤት የለህም አይደል?»

«ከሳቸው ሌላ ማን አለኝ።»

ገዛኸኝ አንገቱን ነቅንቆ ወጣና በሹክሹክታ ስልክ ያወራ ጀመር። አባተ ሲጠጋ ዝም አለ። በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ደግሞ የአካባቢው አበሻ ሁሉ ከሚያከብራቸው ከእማማ አመለወርቅ ጋር ራስ ለራስ ገጥሞ ሲያወራ አየው። አሮጊቷ አባተን ሲያዩ ፊታቸውን አዞሩ።

አባተ ደሙ ፈላ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው ነገሩ። ሰውየው ፊርማዬን ሊበላኝ ነው ብሎ፣ ሰኞ ከሁሉም ቀድሞ ወርክሾፑ ሊገኝ ቆረጠ።

አልተገኘም። ሰኞ ጎህ ሲቀድ፣ ሄይዋርድ ያለች የኪራይ ክፍሉ ተንኳኳች። ሲከፍት ሰባት ሰዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። ከፊት ገዛኸኝ ነው፤ ዐይኑ ቀልቷል። አበሻ በዚያ ሰዓት ተሰብስቦ በር ላይ ሲቆም ምን ይዞ እንደመጣ ማስረዳት አያስፈልገውም።

«አባቴን» አለ አባተ፣ ከዚያ እዚያው ደፉ ላይ ተዘረረ።

ፀሐይ ስትወጣ ድምፁ ተዘግቶ ነበር። እየዳኸ ሄዶ የገዛኸኝን ጉልበት ያዘ። «ለካ ይህንን ነው የደበቅከኝ። እኔ በክፉ ጠርጥሬህ ነበር። ይቅር በለኝ።»

«ተወው ወንድሜ። መርዶ በስልክ አይነገርም ብዬ ነው።»

እማማ አመለወርቅ እንባቸውን እየጠረጉ «ለመሆኑ አንተ በማን በኩል ሰማህ?» አሉት ገዛኸኝን።

«ካገር ተደወለልኝ እማማ።»

ከዚያ በላይ የጠየቀ የለም። ለቅሶ ቤት መርማሪ የለውም። አባተ ልደውል ብሎ ስልኩን ሲያነሳ ገዛኸኝ ቀስ ብሎ ከእጁ ወስዶ ኪሱ ከተተው። «ማን ጋ ልትደውል? የሚደውለውን ሰው እኔ አናግርልሃለሁ። አንተ እርምህን አውጣ።»

ወደ እኩለ ቀን ግን አባተ ቀና አለ። «ቦርዷስ? ሬዚኑ ዛሬ ካልፈሰሰባት ለሐሙስ አትደርስም።»

«በዚህ ሰዓት ቦርድ ታስባለህ?»

«ጠርዟን አንተ ጨርስ። ፈርምባት።»

«በአንተ ሥራ ላይ? ነውር ነው።»

«የጨረሰ ነው የሚፈርመው፣ ያስተማርከኝ አንተ ነህ። ባልጨረስኩት ሥራ ስሜ አይግባ።»

ገዛኸኝ ሦስት ጊዜ እምቢ አለ። አባተ ሦስት ጊዜ ለመነው። እማማ አመለወርቅም «እሺ በለው እንጂ፣ ሐዘንተኛ አይጉላላም» ብለው ጨመሩበት። ገዛኸኝ እንደ ምንም ተነሥቶ ሄደ።

ሦስቱን ቀን ቤቱ ሰው አልጎደለበትም። ኦክላንድ፣ ቴሜስካል ሰፈር ካሉት የአበሻ ምግብ ቤቶች በትሪ በትሪ ምግብ መጣ። አባተ አንድም ጉርሻ አልወረደለትም፤ በእግዜር ዓለም ላይ የቀሩት አንድ አባቱ እሱን ሳያዩ ተቀበሩ፣ አፈር እንኳ አላለበሳቸውም።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ገዛኸኝ ተመልሶ አጠገቡ ተቀመጠ። «ዮዳሄ ቦርዷን እንደ ልጅ አቅፋ ነው የሄደችው። የፈረመው ይሠራልኛል ብላ አልነበር? ፊርማዬን አይታ የሱቁን ሥራ ለእኔ ሰጠችኝ፤ ኮንትራቱን ሳይን አድርገናል። አንተም እንደ ድሮው አብረኸኝ ትሠራለህ።»

«እንኳን ደስ አለህ» አለ አባተ ከልቡ። «የዚህን ሳምንት ውለታህን በምን እንደምከፍልህ አላውቅም።»

ገዛኸኝ ትከሻውን መታ መታ አደረገው፣ የወሰደበትን ስልክ ከኪሱ አውጥቶ ጭኑ ላይ አስቀመጠለትና እንግዶቹን ወደየቤታቸው ሊያደርስ ወጣ። የመኪናው ድምፅ ሲርቅ ስልኩ ጮኸ። አባተ ማን እንደሆነ እንኳ ሳያይ አነሳው።

«አባተ፣ ምነው ልጄ?» አሉት አባቱ። «ሦስት ቀን ሙሉ ስደውል አንድ ሰው እያነሳ ሥራ ላይ ነው ይለኛል።»