የጸደይ ልጅ

ኤርመክ እንጀራው ቃል መልቀም ነበር። ዋና ከተማ ተቀምጦ፣ ለአንድ ትልቅ መዝገበ ቃላት የቃላትን ዘር ማንዘር ይቆጥራል። የአገሩ ሰው የበግ ዘር ሲቆጥር እሱ የቃል መቁጠሩ አባቱን ያስቀው ነበር። አሁን ግን አባቱ አልጋ ላይ ነው። የሚያስቀውም ነገር የለም።

ሽማግሌው ኮዙቤክ ከተኛ ወዲህ ደጋግሞ የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ካሊፓ ትምጣ። ስሜን ትጥራና ቁርጤን አውቄ ልሂድ።»

ካሊፓ ከወንዙ ማዶ የምትኖር፣ የኮዙቤክን ስም ጠርታ የማታውቅ ባልቴት ነች። በዚያ ሸለቆ የተጣላ ሰው ሳይታረቅ ከሞተ ነፍሱ ደጃፍ ላይ ትቀራለች ይላሉ። ኤርመክ የተማረ ነው፤ እንዲህ ያለውን አያምንም። ሆኖም የሚሞተው የገዛ አባት ሲሆን አለማመንም እንቅልፍ አይሰጥም። ሲነሣ ሲቀመጥ ሰነበተ።

ጠባችሁ ምንድን ነው ብሎ ቢጠይቀው፣ ሽማግሌው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እናቱ እንዳትጠየቅ ከሞተች ቆይታለች። ስለዚህ ኤርመክ በሚያውቀው መንገድ ሄደ፤ በቃል መንገድ።

በኪርጊዝ አገር ሁሉ ግልገል «ኮዙ» ነው። በዚህ መንደር ብቻ «የጸደይ ልጅ» ይባላል። ኤርመክ እንዲያ እያለ አድጎ፣ ከተማ ሲገባ ተስቆበታል። አሁን የመንደሩን ሽማግሌዎች እየዞረ ሲጠይቅ ሁሉም ወደ አንድ ደጅ ጠቆሙት። ካሊፓ ወደ ሟች ባሏ ወደ ታሽታን ቤት ከገባች ጀምሮ «ኮዙ» የሚል ቃል ካፏ ወጥቶ አያውቅም። ከእሷ ልጆቿ ተማሩ፣ ከልጆቿ የጎረቤት ልጆች፣ እያለ እያለ መንደሩ በሙሉ ቃሉን ረሳው። ኤርመክ የጠየቀው ወንዶቹን ነው። ሴቶቹን መጠየቅ ትዝም አላለው።

«ታሽታን ያኔ ከአባትህ አንድ ነገር ሰርቆበታል» አለው አንዱ ሽማግሌ ጺሙን እያሻሸ። «ግልገል ሳይሆን አይቀርም። እኔ ወታደር ቤት ነበርኩ። ብቻ ስመለስ ሁለቱ ሰላምታ አቋርጠው ነበር።»

ነገሩ ለኤርመክ ግጥም አለለት። የሌባ ሚስት የተሰረቀውን ነገር ስም አትወድም። የአባቱም ስም ከዚያው ከግልገል የወጣ ነው። ጥላቻዋ ለስሙ ብቻ አልበቃ ብሎ አንድ ቃል ከነሥሩ ነቅላለች። እንዲህ ያለ ቂም በሥራ ዘመኑ አላጋጠመውም። አስፈራው።

ጠዋት አንድ ግልገል ታቅፎ ወንዙን ተሻገረ። የካሊፓ ምራት ኑርዛት ደጅ ትጠርጋለች።

«እማማ ካሊፓ አሉ?»

«አሉ፣ ግባ። ቀስ በል ግን፣ እዚያ ጋ ያለው ጠንካራው እንዳያደናቅፍህ።»

በአገሩ ልማድ ያገባች ሴት የባሏንም ሆነ የቤቱን ሰዎች ስም አትጠራም፤ ስማቸውን የሚመስለውንም ነገር በሌላ ስም ታልፈዋለች። «ታሽ» ደግሞ ድንጋይ ነው። ካሊፓ ከውስጥ ሳቀች።

«ድንጋይ በይ፣ ልጄ። ታሽታን ድንጋይ ተባለ ብሎ ከመቃብር አይነሣብሽም።»

ወጣች። ልጃገረድ ስትታጭ የሚደረግላት የጆሮዋ የብር ጉትቻ ከማርጀቱ የተነሣ ክር መስሏል። ግልገሉን ስታይ እጇን ዘርግታ አስቆመችው።

«የጸደይ ልጅ ይዘህ ወዴት ነው፣ የኔ ልጅ?»

«ለእርስዎ ነው። የዚያን ጊዜው ነገር ይብቃ፤ ማን ወሰደ አልልም። አባቴ እየሞተ ነው። መጥተው አንድ ጊዜ ስሙን ይጥሩለት።»

ካሊፓ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች።

«ስሜን ትጥራ አለ?»

«ቁርጤን ልወቅ ይላል።»

ጉትቻዋን በጣቷ ዳሰሰች። «ታሽታን ሌባ ነበር» አለች በመጨረሻ። «አባትህ አልተሳሳተም።»

ኤርመክ ይህን ማመኗ ግማሽ እርቅ መስሎት እፎይ አለ። ካሊፓ ነጭ ሻሿን አስራ ተከተለችው።

ሽማግሌው ስትገባ አያት፤ ዓይኑ ጉትቻዋ ላይ ቀረ።

«መጣሽ።»

«መጣሁ።»

«በይ ጥሪኝ።»

ካሊፓ አልጠራችም።  ኤርመክ ጠጋ አላት።

«እማማ፣ እባክዎ። አንድ ቃል እኮ ነው።»

«አልጠራም።»

«ዕድሜ ልክ ጠሉት፤ ለሚሞት ሰው እንኳ አይራሩም?» አላት። «ምን አድርጎዎት ነው?»

 ዘወር ሲል አባቱ ያለቅሳል፤ እንባው ወደ ጆሮው ይወርዳል፤ ከንፈሩ ግን ፈገግ ብሏል። ኤርመክ ሰውየው አእምሮውን ሳተ ብሎ ደነገጠ።

ካሊፓ ሻሿን ፊቷ ላይ ዝቅ አደረገችና አልጋው ፊት እንደ ሙሽራ እጅ ነሣች።

«ሴት ልጅ የባሏን ስም ትጠራለች እንዴ?»